ሣር ማጨጃ ከመግዛታችሁ በፊት የብሬከር ሳጥኑን ክፈቱ

አሜሪካ ቤት የሚገዛ ሰው ወርሃዊ ክፍያውን፣ ኢንሹራንሱንና የካውንቲውን ግብር አስልቶ ይገባል። የማያሰላው ኤፕሪል ላይ የሚመጣውን ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ሣሩ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ ይነሣና ዝናቡ ሲደጋገም በሳምንት ከቁርጭምጭሚት ያልፋል። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ከ12 ኢንች ያለፈ ሣር ጥፋት ነው፤ የቨርጂኒያው ፌርፋክስም ግማሽ ኤከር በማይሞላ ግቢ ላይ እንዲሁ። ጎረቤት ይጠቁማል፣ ደብዳቤ ይመጣል፣ ሰውየው ሮጦ ሱቅ ይሄድና ዓይኑ ያረፈበትን ካርቶን ጭኖ ይመለሳል። ከዚያ ወይ ኤክስቴንሽኑ ይግላል፣ ወይ ባትሪው ግቢው ሳያልቅ ያልቃል፣ ወይ ሞተሩ በሁለተኛው ዓመት አልነሣም ይላል።

ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰው ካርቶኑን አንብቦ ይገዛል፣ ዕቃው ሥር የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ግን አያያትም። ካርቶኑ ማስታወቂያ ነው። እውነተኛው ቮልት፣ አምፒርና ዋት ያለው እዚያች ጽሑፍ ላይ ነው። የቤቱም መብራት እንደዚያው የራሱ ጽሑፍ አለው፤ የብሬከር ሳጥኑ በር ውስጥ ተለጥፎ፣ ብዙ ጊዜ አቧራ ለብሶ።

መጀመሪያ ግቢው ይለካ። የቦታው ስፋት በካውንቲው የግብር መዝገብ ላይ በነፃ ይገኛል። ሩብ ኤከር 10,890 ስኩዌር ፊት ነው፤ ከዚያ ላይ ቤቱ ያረፈበትን፣ የመኪና መግቢያውንና አጥር ሥር ያለውን ቀንሱ፣ የሚታጨደው ወደ 8,000 ይወርዳል። 21 ኢንች ስፋት ያለው ማጨጃ በመደበኛ እርምጃ፣ መደራረቡና መዞሩ ተቀንሶ፣ በሰዓት 15,000 ስኩዌር ፊት ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ የሩብ ኤከር ቤት ከግማሽ ሰዓት ትንሽ የሚያልፍ ሥራ ነው። ለዚህ የሚቀመጡበት ማሽን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከግማሽ ኤከር በላይ ሲሆን ነው የሚታሰበው።

ግቢው ተዳፋት ከሆነ ስፋቱን ትታችሁ ጎማውን ተመልከቱ። ራሱ የሚሄድ ማጨጃ ሲገዛ የኋላ ጎማው የሚነዳውን ምረጡ፤ ሽቅብ ሲወጡና ቦርሳው ሲሞላ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊቱ ጎማ መሬት መያዝ ይሳነዋል። በእግር እየሄዱ የሚገፉት ተዳፋቱን አግድም ያጭዳል፤ የሚቀመጡበት ግን ሽቅብና ቁልቁል እንጂ አግድም አይነዳም፣ ይገለበጣል። ሁለቱም ከ15 ዲግሪ በላይ ለሆነ ተዳፋት አልተሠሩም።

ታውንሃውስ ውስጥ ከሆናችሁና ሣሩ ከ1,000 ስኩዌር ፊት የማይበልጥ ከሆነ ሞተር የሌለው፣ በእጅ የሚገፋው ማጨጃ ይበቃል የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ግማሽ እውነት ነው። በዚህ አካባቢ የተለመደው ቶል ፌስኪዩ የሚባለው ሣር ከ3 እስከ 4 ኢንች ቁመት ላይ መቆረጥ ይፈልጋል። ብዙዎቹ የእጅ ማጨጃዎች ደግሞ ከፍ ቢሉ ከ3 ኢንች አያልፉም። አንድ ሳምንት ከዘለላችሁ ሣሩን መቁረጥ ትቶ ያጎነብሰዋል፤ ትንሽ እንጨት ከገባበት ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በየሳምንቱ ለሚያጭድ ሰው እንጂ ሥራ በዝቶበት ለሚዘል አይሆንም።

ባትሪው

የባትሪ ማጨጃ ዛሬ ለአብዛኛው የሩብ ኤከር ቤት ትክክለኛው ምርጫ ይመስለኛል። ግን ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቮልት ያሳስታል። "40 ቮልት ማክስ" የተባለው ባትሪ እያንዳንዳቸው 3.6 ቮልት የሆኑ 10 ሴሎች ተደርድረውበት በሥራ ላይ 36 ቮልት ነው። 56 የተባለው 14 ሴል፣ ማለትም 50.4 ቮልት፤ 80 የተባለው 20 ሴል፣ 72 ቮልት ነው። የሚገዛው ነገር ቮልት ሳይሆን ዋት-ሰዓት ነው፦ ቮልቱን በአምፒር-ሰዓቱ አባዙት። የ56ቱ 5 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 252 ዋት-ሰዓት ይዟል። የ40ው 7.5 አምፒር-ሰዓት ደግሞ 270 ይዟል። ካርቶኑን ብቻ ያነበበ ግን 56ቱ ይበልጣል ብሎ ይገዛል።

እንግዲህ ይህን ከግቢው ጋር አገናኙት። ደረቅና አጭር ሣር ላይ ሞተሩ 400 ዋት ገደማ ቢወስድ፣ 252 ዋት-ሰዓት 38 ደቂቃ ያሠራል፤ 8,000 ስኩዌር ፊት ያልቃል። እርጥብና የረዘመ ሣር ላይ ሲገባ ግን ፍጆታው በቀላሉ እጥፍ ይሆናል፣ 19 ደቂቃ ላይ ግቢው መሃል ትቆማላችሁ። "ባትሪው አይሠራም" ተብሎ ከሚመለሰው ዕቃ ብዙው ባትሪው ደህና ነው፤ ሣሩ ነው የረዘመው። ከቁመቱ አንድ ሦስተኛ በላይ በአንድ ጊዜ አትቁረጡ የሚባለው ለሣሩ ጤና ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው። ሦስት ሳምንት ተዘሎ ከሆነ ማጨጃውን ከፍተኛው ቁመት ላይ አድርጋችሁ አንዴ እለፉ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት።

ባትሪውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ክረምቱ ነው። ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሊትየም ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፤ ውስጡ ብረታማ ሊትየም ይለጠፍበትና አቅሙ አይመለስም። ኖቬምበር ላይ የመጨረሻው አጨዳ ሲያልቅ ግማሽ ያህል ሞልቶ፣ ከጋራዥ ወጥቶ ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ሙሉ ሞልቶ ጋራዥ ውስጥ በበጋ ሙቀት መክረሙም ያስረጀዋል። ምትክ ባትሪ ብቻውን ከ200 እስከ 400 ዶላር ስለሚደርስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያላችሁ ሌላ መሣሪያ፣ ቅጠል መንፊያው ወይም የጠርዝ መቁረጫው፣ ያንኑ ባትሪ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ ከዚያው ኩባንያ መግዛቱ ያዋጣል።

ቤንዚን

ሕጉ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ዲሲ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ መጠቀም የከለከሉት የቤንዚን ቅጠል መንፊያን ነው፤ የሣር ማጨጃን አይደለም። ካሊፎርኒያ ግን ከ2024 ሞዴል ጀምሮ አዲስ የቤንዚን ማጨጃም እንዳይሸጥ አድርጋለች። ሆንዳ የቤንዚን ሣር ማጨጃ ማምረቱን በ2023 አቁሟል፤ ያገለገሉት ግን አሁንም እንደ ልብ ይሸጣሉ፣ መለዋወጫቸውም አለ።

ያገለገለ ስትገዙ ከመድረሳችሁ በፊት ሻጩ እንዳያስነሣው ንገሩት፤ ስትደርሱም መጀመሪያ እጃችሁን ወደ ማርሚታው አስጠጉ። ሞቆ ከሆነ እናንተ ሳትመጡ ለፍቶ አስነሥቶታል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ በሁለት ሦስት ስበት መነሣት አለበት። ቀጥሎ አጥፉትና የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፤ ይህ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነገር ነው፣ ምላጩን በእጅ ስታዞሩ ሞተሩ ሊነሣ ይችላልና። ማሽኑን ስታጋድሉት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተርና የአየር ፊልትሮው ወደ ላይ ይሁኑ። በሌላው ጎን ከተኛ ዘይቱ ፊልትሮውን ያርሰዋል፣ ከዚያ ነጭ ጭስ እያጨሰ ሰፈሩን ያስደነግጣል። የምላጩን አንድ ጫፍ ከማሽኑ ጠርዝ ያለውን ርቀት ለኩ፤ ምላጩን ግማሽ ዙር አዙራችሁ ሌላኛውን ጫፍ እዚያው ቦታ ላይ ለኩ። ልዩነት ካለ ምላጩ ወይም ዋናው ዘንግ ተጣምሟል። ምላጭ ርካሽ ነው፣ ዘንግ ማስቀየር ግን አያዋጣም። ዛፍ ጉቶ የመታ ማሽን ሌላም ምልክት አለው፦ ገመዱ ሲሳብ ከእጅ ይነጥቃል። ያኔ ፍላይዊል በሚባለው ከባድ የሞተር ጎማ ላይ ያለችው ለስላሳ የብረት ቁልፍ ተቆርጣለች፤ ጥቂት ዶላር የምታወጣ ናት፣ ዋጋ ለማስቀነስ ታገለግላለች።

አዲስ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ፦ ብዙው አዲስ ማጨጃ ያለ ዘይት ነው የሚሸጠው። ጠርሙሱ ካርቶኑ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቤንዚን ሞልቶ ገመዱን የሳበ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሞተሩን ያነክሰዋል፣ ዋስትናም አይሸፍነውም። አብዛኞቹ ከ15 እስከ 20 አውንስ ይይዛሉ፤ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ በመለኪያው ዘንግ እያያችሁ ሙሉ። የመጀመሪያው ዘይት ከ5 ሰዓት ሥራ በኋላ ይለወጣል፣ ከዚያ በየ50 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ።

ማጨጃ የሚሞተው በሥራ አይደለም፣ በመቀመጥ ነው። አብዛኛው የአሜሪካ የነዳጅ ማደያ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለው፤ ኢታኖል ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባል። 15 በመቶ የያዘው ደግሞ ለትናንሽ ሞተሮች ጭራሽ የተከለከለ ነው፣ ፓምፑ ላይ ስትጫኑ ተጠንቀቁ። ከኖቬምበር እስከ ማርች የተቀመጠ ቤንዚን ያረጃል፣ ውሃው ይለያል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ሙጫ ይሆናል።

ስትከፍቱት የምታዩት ይህ ነው። ካርቡሬተሩ ሥር ትንሽ ሳህን አለች፣ የያዘቻትም አንዲት ብሎን ናት፤ 10 ሚሊሜትር ወይም ግማሽ ኢንች ቁልፍ ይፈታታል። የቤንዚን መስመሩን ዘግታችሁ ሥሩ ጨርቅ አድርጉና ሳህኗን አውርዱ። ደህና ቤንዚን ጥርት ያለ ነው። ያረጀው እንደ ከረመ ሻይ ጠቁሯል፣ ሽታውም የቫርኒሽ ነው፤ ሳህኗ ወለል ላይ የውሃ ጠብታ እንደ ዶቃ ስትንከባለል ታያላችሁ። አሁን ብሎኗን ወደ ብርሃን አንሷት። ብሪግስ በሚባሉት ብዙ ሞተሮች ላይ ያቺ ብሎን ራሷ ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑን መጥና የምታሳልፈው ናት፦ በጎኗና በመሃሏ ከመርፌ ዓይን የጠበቡ ቀዳዳዎች አሏት። ብርሃን ካላሳለፈች ችግሩ ተገኝቷል። የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ንፉባት፣ ከተበጣጠሰ ኤክስቴንሽን ላይ አንድ ክር መዳብ መዛችሁ አሳልፉባት። በስፒል ወይም በብረት ሽቦ አትቆርቁሯት፤ ቀዳዳው ከሰፋ ሞተሩ ቤንዚን ያበዛል። ስትመልሱ የሳህኗን ጓርኒሲዮን እዩ፤ ከላላ ያንጠባጥባል። መካኒክ ቤት ከሚጠየቀው ገንዘብ አብዛኛው ለዚህች ሃያ ደቂቃ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስቀር ቤንዚን ማቆያ ፈሳሽ አለ፤ በተለመደው ልክ ለ2.5 ጋሎን 1 አውንስ። ቤንዚኑ አዲስ ሳለ ነው የሚጨመረው፣ ያረጀውን አያድስም። ክረምቱ ሲገባ ሰልባቲዮውን አድርቃችሁ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አሠሩት።

ከመያዣው ጋር አብሮ የሚጨበጠውን ብረት በሽቦ የሚያስሩ አሉ፣ ደከመኝ ብለው። ከ1982 ጀምሮ የሚሠሩ ማጨጃዎች እጅ ሲለቃቸው ምላጩ በ3 ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም የተገደዱት በጣት መቆረጥ ብዛት ነው። ሽቦውን ፍቱት።

ገመድ ያለው፣ ከዚያም የቤቱ መብራት

ባለ ገመድ ማጨጃ ርካሽ ነው፣ ቤንዚንም ባትሪም የለውም፣ ለትንሽ ግቢ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ነው ግን የማጨጃውና የቤቱ ጉዳይ የሚገናኙት። ሥሩ ያለችው ጽሑፍ 12 ወይም 13 አምፒር ትላለች። ጋራዥ ውስጥ የተንጠለጠለው ቀጭን ብርቱካናማ ኤክስቴንሽን ብዙ ጊዜ 16 ጌጅ ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል)። 12 አምፒር በ100 ፊት ባለ 16 ጌጅ ገመድ ሲሄድ መንገድ ላይ 9.6 ቮልት ይጠፋል፣ 8 በመቶ ማለት ነው። 14 ጌጅ ላይ 6 ቮልት፣ 12 ጌጅ ላይ 3.8 ቮልት ብቻ ይጠፋል። የጠፋው ቮልት የትም አልሄደም፤ ገመዱን እያሞቀ ነው። ጥቅል ላይ እንዳለ የሚሠራ ገመድ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ለ100 ፊት ቢያንስ 14 ጌጅ፣ ከዚያ ለሚረዝም 12 ጌጅ ግዙ፤ ገመዱን ሁልጊዜ ከታጨደው ጎን አድርጋችሁ ከሶኬቱ እየራቃችሁ እጨዱ።

የውጭው ሶኬት ጂ ኤፍ ሲ አይ የሚባለው መከላከያ ሊኖረው ይገባል። የሚወጣውንና የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ እያወዳደረ 5 ሚሊአምፒር ገደማ ከጎደለ ይቆርጣል፤ የጎደለው በሰው አካል እያለፈ ሊሆን ይችላልና። በወር አንዴ "ቴስት" የሚለውን ተጫኑ፤ ካልቆረጠ ሞቷል፣ ይቀየር። በድሮ ቤቶች የሚያናድድ ነገር አለ፦ የውጭው ሶኬት የሚጠበቀው መታጠቢያ ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ ባለ አንድ ጂ ኤፍ ሲ አይ ነው። የማጨጃው ሶኬት ሞተ ብላችሁ ኤሌክትሪሺያን ከመጥራታችሁ በፊት ፎቅ ላይ ያለውን መታጠቢያ ቤት እዩ። የጋራዡ ፍሪዘር በዚያው መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ እርጥብ ሣር ስታጭዱ መከላከያው መቁረጡን የምታውቁት ለፋሲካ የተገዛው ሥጋ በሦስተኛው ቀን ሲሸት ነው።

የብሬከር ሳጥኑን በር (ሽፋኑን ሳይሆን በሩን) ክፈቱ። በመጀመሪያ ዋናው ብሬከር ላይ ያለውን ቁጥር እዩ፤ 100፣ 150 ወይም 200 አምፒር ይላል። ቀጥሎ የሳጥኑን ስም። "ፌዴራል ፓሲፊክ፣ ስታብ-ሎክ" የሚል ከሆነ ብሬከሮቹ መቁረጥ ሲገባቸው ባለመቁረጥ የታወቁ ናቸው፤ ከመሸፋፈን ማስቀየር ነው። ቤቱ ከ1965 እስከ 1973 ባለው ጊዜ የተሠራ ከሆነ የውስጥ ሽቦው አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ባወጣው መሠረት ከ1972 በፊት የተሠሩ አሉሚኒየም ሽቦ ያላቸው ቤቶች ሶኬት ላይ ያለው ግንኙነት ለእሳት የሚያደርስ ሁኔታ ላይ የመድረስ ዕድሉ መዳብ ካለባቸው 55 እጥፍ ነው። ሽቦው ራሱ አይደለም ችግሩ፣ መጋጠሚያው ነው፤ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ይላላል። የሶኬት ሽፋን እጅ ሲያርፍበት የሚሞቅ ከሆነ ነገ አትበሉ።

ከዚያ በየብሬከሩ ላይ የትኛው ክፍል እንደሚቆረጥ ራሳችሁ ጻፉ። እዚህ ላይ ነው እንጀራው የሚገባው። በአሜሪካ ለአበሻ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ምጣድ በ120 ቮልት 1,500 ዋት ነው፣ 12.5 አምፒር። የ15 አምፒር ብሬከር ለረጅም ሰዓት ሊሸከም የሚገባው 12 ነው፤ ለሰዓታት እንጀራ ሲጋገር ገደቡን አልፏል። 20 አምፒር መስመር ላይ ብቻውን ይሰካ። ዲቫይደር ላይ በፍጹም። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲቆርጥ በ20 የሚቀይር ዘመድ አይጠፋም፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ 14 ጌጅ ከሆነ ግን አሁን የሚቆርጠው ብሬከሩ ሳይሆን ሽቦው ራሱ ነው። ከአገር ቤት የመጣ 220 ቮልት፣ 3,500 ዋት ምጣድ ያላችሁ ደግሞ፦ በ240 ላይ ሲሰካ ወደ 4,165 ዋት ይወጣል፣ 17.4 አምፒር ይስባል፤ የራሱ 30 አምፒር መስመርና መሬት የተያዘ አካል ይፈልጋል። የደህንነት ማረጋገጫ ማኅተም ስለሌለው እሳት ቢነሣ ኢንሹራንሱ ይጠይቃል። እኔ አልመክረውም።

አሁን ወደ ትልቁ አደጋ። ሰው ሁሉ መብረቅን ይፈራል፤ ብዙ የቤት ዕቃ በአንዴ የሚያቃጥል ግን የላላ ኒውትራልም (የመመለሻው ሽቦ) አለ። የአሜሪካ ቤት ሁለት ባለ 120 ቮልት መስመር ይገባዋል፣ በሁለቱ መካከል 240 አለ፣ ኒውትራሉ መሃል ሆኖ ሁለቱን ያመጣጥናል። ኒውትራሉ ከምሰሶው ወይም ከቆጣሪው ላይ ሲላላ በሁለቱ መስመሮች ላይ ያሉት ዕቃዎች አንዱ ከሌላው ተከታትለው ይያያዛሉና 240ውን እንደየጭነታቸው ይከፋፈሉታል። አንዱ ላይ 1,500 ዋት ምጣድ፣ ሌላው ላይ 150 ዋት የሚወስዱ መብራትና ቴሌቪዥን ብቻ አሉ እንበል። ምጣዱ 22 ቮልት ገደማ ይደርሰዋል፣ ቴሌቪዥኑ 218። ምጣዱ አልግል ሲል ሳሎን ያለው ዕቃ ይጨሳል።

ምልክቱ ቀድሞ ይታያል፦ ምጣድ ወይም ማይክሮዌቭ ሲበራ አንዳንዱ መብራት ይደበዝዛል፣ ሌላው ደግሞ ይደምቃል። መደብዘዝ ብቻ ከሆነ ጭነት ነው። መድመቅ ካለበት ኒውትራል ነው። በቴስተር ሁለት ሦስት ክፍል ውስጥ ለኩ፤ ከ114 እስከ 126 ቮልት ደህና ነው። አንዱ ክፍል 105 ሌላው 135 ካለ ዋናውን ብሬከር አጥፉና መጀመሪያ ለመብራት ኩባንያው ደውሉ፣ እንደ ሰፈራችሁ ፔፕኮ ወይም ዶሚኒየን። "መብራቱ ይደምቃል ይደበዝዛል፣ ኒውትራል ይመስለኛል" በሉ፤ በዚህ አባባል ድንገተኛ ጉዳይ ሆኖ ይመዘገባል። የእነሱ መስመር ደህና ከሆነ ነው ኤሌክትሪሺያን የሚጠራው። ሰርጅ ፕሮቴክተር ከዚህ አያድንም፤ እሱ ለአፍታ የሚመታን ኃይል እንጂ ለሰዓታት የሚቆይ 180 ቮልትን አይሸከምም።

ሰርጅ ፕሮቴክተር ግን ለራሱ ሥራ ያስፈልጋል። ከ2020 የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ ጀምሮ አዲስ የመብራት መግቢያ ሲተከል ወይም ሲቀየር ሙሉ ቤቱን የሚጠብቅ መከላከያ ግዴታ ነው፤ ክልሎች ኮዱን የሚቀበሉት በየጊዜያቸው ነው። ዕቃው ከ80 እስከ 300 ዶላር ነው፤ ሳጥኑ ላይ በሁለት እግር ብሬከር ይያያዛል። ኤሌክትሪሺያኑ ሲያስገባ አንድ ነገር ተከታተሉ፦ ሽቦዎቹ አጭርና ቀጥ ያሉ ይሁኑ፣ ለዋናው ብሬከር ቅርብ። "ለውበት" ጠቅልሎ የተወው ሽቦ እያንዳንዱ ኢንች ቤቱ ውስጥ የሚያልፈውን ቮልት ይጨምራል። ላዩ ያለችው አረንጓዴ መብራት ስትጠፋ ዕቃው ሥራውን ጨርሷል፣ ይቀየር። ቴሌቪዥኑና ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ፕሮቴክተር ይደረግ። ርካሹ ዲቫይደር ሶኬት ማብዣ ብቻ ነው፤ "ጁል" የሚል ቁጥር ካልተጻፈበት ምንም አይከላከልም። የኬብል ኢንተርኔቱ ሽቦም ከቤቱ መሬት ጋር መታሰር አለበት፤ ሞደምና ቴሌቪዥን አብረው የሚቃጠሉት ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል በገባ ኃይል ነው።

ወደ አገር ቤት ለሚላክ

አዲስ አበባ ግቢ ላላቸው ወላጆች ማጨጃ የሚልኩ ብዙ ናቸው። ባለ ገመዱን የአሜሪካ ማጨጃ ተዉት። 120 ቮልት ሞተር 220 ላይ ሲሰካ አንድ ጊዜ ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም ነው። ማውረጃ ትራንስፎርመር አለ፤ ለ1,500 ዋት ግን 3,000 ያስፈልጋል፣ ከባድ ነው፣ የ60ውንና የ50ውን ኸርዝ ልዩነትም አይቀይረውም። የባትሪው ደግሞ በሻንጣ አይሄድም። አየር መንገድ ላይ ተጨማሪ ሊትየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፣ እስከ 100 ዋት-ሰዓት፤ በፈቃድ እስከ 160። የማጨጃ ባትሪ አብዛኛው 200 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ በተሳፋሪ አውሮፕላን ጨርሶ አይጫንም። በመርከብ ቢላክ እንኳ ቻርጀሩን ገልብጡና አንብቡ፦ "100-240" ካለ አዲስ አበባም ይሠራል፤ "120" ብቻ ካለ አይሠራም። ከእስራኤል ወይም ከአውሮፓ የሚልክ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም፤ እዚያም 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፣ ፕለጉን ማየት ብቻ ነው።

የቤንዚኑ ቮልት አያውቅም። የሚያውቀው ከፍታን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ300 ሜትሩ ሞተሩ 3.5 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል፣ ሲደመር ከሩብ በላይ ነው። ለዋሽንግተን የተስተካከለው ካርቡሬተር እዚያ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውን ስትፈቱት ጥላሸት ለብሶ ታገኙታላችሁ። ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር የሚሸጥ የከፍታ ጄት አለ፤ በሞዴል ቁጥሩ እዚሁ ገዝታችሁ አብራችሁ ላኩት። ማሽኑ አዲስ፣ ቤንዚን ያልነካው ይሁን፤ አንዴ ቤንዚን የገባበትን ሻንጣ ተቀባዮቹ በጠረኑ ያውቁታል።

ለዚያው ቤት ስታቢላይዘርና ፍሪጅ መጠበቂያ እዚያው ይገዛ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይቶ የሚለቀውን ዓይነት፣ የኮምፕሬሰሩ ግፊት እስኪወርድ። ከአሜሪካ ሰርጅ ፕሮቴክተር ያለው ዲቫይደር በሻንጣ አትውሰዱ። አስማሚ ፕለግ ቢደረግለትም ውስጡ ያለው መከላከያ ለ120 የተሠራ ስለሆነ 220ውን እንደ ጥቃት ይቆጥረውና ምንም ሳይሰካበት ራሱ ይነድዳል። መጋረጃ ሥር ከሆነ ደግሞ ብቻውን አይነድም።